«መቶ ምርጥ ፊልም አይቼ ተታለልኩ» ላሉት ጸሐፊ፦ መጀመሪያ ቅጂውን እንይ

ሰሞኑን በጅማ ፊልም ወዳዶች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «መቶ ምርጥ ፊልም አይቼ ተታለልኩ» ይላል። ጸሐፊው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት በ2022 ያወጣውን የመቶ ፊልሞች ዝርዝር ይዘው፣ በቀን አንድ እያሉ፣ ከጥንቱ ወደ ቅርቡ ወርደው አስተያየታቸውን ሰጥተዋል። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) ድምዳሜያቸው አጭር ነው፦ አሮጌ ፊልም የምሁር ነን ባዮች ማስመሰያ ነው፤ ጅማ ላይ ሆኖ ለማየት ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ይህን ምላሽ የምንጽፈው እዚሁ ጅማ ፊልም የምናሳይና ሰብታይትል የምናዘጋጅ ሰዎች ነን። ማንም ሰው ማንኛውንም ፊልም ቢጠላ መብቱ ነው፤ በዚያ አንከራከርም። ጽሑፉን መስመር በመስመር ስናየው ግን የቅሬታዎቹ ግማሽ ያህሉ ስለ ፊልሞቹ አይደሉም። የተበላሸ ቅጂ፣ ያልተስተካከለ ቴሌቪዥንና የተጣደፈ ተመልካች የፈጠሩት ጣጣ ለዳይሬክተሮቹ ተሰጥቷል። ስለዚህ በተነሡት ነጥቦች ቅደም ተከተል እንሄዳለን።

የመጀመሪያው፦ «በድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ ያን ጊዜ መራመድ አይታወቅም ነበር እንዴ?»

ይታወቅ ነበር። ነገሩ የፍጥነት ሒሳብ ነው። በድምፅ አልባው ዘመን ካሜራው በአብዛኛው በእጅ እየተዘወረ ስለሚቀርጽ በሰከንድ የሚነሣው የምስል ብዛት ወጥ አልነበረም፤ 16ም፣ 18ም፣ 20ም፣ ከዚያም በላይ ይሆናል። በ1920ዎቹ መጨረሻ ድምፅ ሲመጣ ግን በሰከንድ 24 ምስል የሚለው ልክ ጸና። የድምፁ መስመር ራሱ ፊልሙ ጠርዝ ላይ ስለታተመ፣ ፍጥነቱ ከተለዋወጠ የተናጋሪው ድምፅ ይቀጥናል ወይም ይጎረንናል። እንግዲህ በ16 የተቀረጸን ፊልም በ24 ያጫወተ ሰው አንድ ተኩል ጊዜ አፍጥኖታል፤ የ90 ደቂቃው ሥራ በ60 ደቂቃ ያልቃል፣ ሰውም ይሮጣል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ክርክር አይደለም። ጸሐፊው «ሴትዮዋ ዓይኗን ስታርገበግብ ያልቃል» ብለው ያጣጣሉት የካርል ድራየር የ1928 የዣን ዳርክ ፊልም በሁለት ፍጥነት ይገኛል፦ በ24 ሲጫወት 81 ደቂቃ፣ በ20 ሲጫወት 97 ደቂቃ ይፈጃል። ፊልሙ በአብዛኛው በፊት ቅርብ ምስል የተሠራ ነው። የ16 ደቂቃው ልዩነት የሚቀነሰው ከእንባው፣ ከዝምታውና መልስ ከመስጠቷ በፊት ከምታስብበት ቅጽበት ላይ ነው። ዓይኗ የተርገበገበው ለዚህ ይሆናል። ለነገሩ ይህ ፊልም መኖሩም ዕድል ነው፤ ዋናው ኔጋቲቭ ተቃጥሎ ለብዙ ዓመት የተቆራረጠ ቅጂ ብቻ ሲታይ ቆይቶ በ1981 አንድ ሙሉ ቅጂ ኦስሎ ውስጥ ከአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተገኘ።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ፍላሽ ላይ ከመጫንዎ በፊት የፋይሉን ርዝመት ከሚታወቀው የፊልሙ ርዝመት ጋር ያስተያዩ። በጣም ካጠረ፣ ወይ ተፋጥኗል ወይ ተቆርጧል። ተፋጥኖ ከሆነ ቪኤልሲ በተባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ ላይ የግራ ካሬ ቅንፍን ቁልፍ [ ሲጫኑ ፍጥነቱ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ] ይጨምራል፣ = ወደ ቦታው ይመልሳል። በ16 ለተቀረጸው 0.67፣ በ18 ለተቀረጸው 0.75፣ በ20 ለተቀረጸው 0.83 አካባቢ ነው ትክክሉ። ነገር ግን በጭፍን አይቀንሱ፤ በቅርብ ዓመታት የታደሱ ቅጂዎች አስቀድመው ተስተካክለዋል። ለማረጋገጥ የሰውን እርምጃ ሳይሆን የሚፈስ ውኃን ወይም የሚወጣ ጭስን ይመልከቱ፤ ሰው ሊያስመስል ይችላል፣ ውኃ ግን አያስመስልም። አንድ ልዩ ጉዳይም አለ፦ እንደ በስተር ኪተን ያሉ የኮሜዲ ሠሪዎች ማሳደዱ እንዲፈጥን ሆን ብለው ካሜራውን ቀስ አድርገው ያዘውሩ ነበር። እሱን ዝግ ካደረጉት ቀልዱ ይሞታል።

ሁለተኛው፦ «ሜትሮፖሊስ ታሪኩ አይያያዝም፤ ሰዎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይመጣሉ፣ ይጠፋሉ።»

ያዩት ፋይል ስንት ደቂቃ ነበር? ጽሑፉ ውስጥ «አንድ ሰዓት ከሃያ ግድም» የሚል አለ። የፍሪትዝ ላንግ ፊልም በ1927 በርሊን ላይ ከታየ በኋላ በአከፋፋዮች እጅ ተቆራርጦ ለሰማንያ ዓመት ያህል ጎዶሎ ሆኖ ኖረ። በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ በ16 ሚሊሜትር የተገለበጠ ረጅም ቅጂ ተገኘ፤ 25 ደቂቃ ያህል የጠፋ ነገር ተመልሶ በ2010 ወደ 150 ደቂቃ የሚጠጋው እትም ወጣ። የተመለሱት ክፍሎች የጎን ገጸ ባሕርያቱ ማን እንደሆኑና ለምን እንደሚመጡ የሚናገሩት ናቸው። መለያውም ቀላል ነው፦ በየመሐሉ ድንገት ግራጫ የሆነ፣ የተቧጨረ፣ ዳር ዳሩ ጥቁር የሆነ ምስል ካዩ ትክክለኛው ቅጂ እጅዎ ላይ ነው። ብዙ ሰው ያንን ሲያይ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይሰርዘዋል፤ ከዚያ አጭሩንና ጥርት ያለውን ያስጭናል። ነገሩ ግልብጥ ነው።

የሳትያጂት ሬይ «ፓተር ፓንቻሊ»ም (1955) በዚሁ ነጥብ ሥር «የደበዘዘ የሕንድ ፊልም፣ ዘፈንም የሌለው» ተብሎ ታልፏል። ዘፈኑን በተመለከተ፣ በሲኒማ ቤቶቻችን የለመድነውን የሕንድ ፊልም ጠብቆ ለገባ ሰው ማዘኑ አይገርምም፤ ሙዚቃው ግን የራቪ ሻንካር ነው፣ እንደሌለ አይቆጠርም። ድብዝዝታውን በተመለከተ፦ በ1993 ለንደን ውስጥ በፊልም ላቦራቶሪ ላይ በተነሣ እሳት የሬይ ፊልሞች ኔጋቲቮች ተጎድተዋል። በ2015 የወጣው የታደሰ ቅጂ ከእሳት ከተረፈው ኔጋቲቭና ከሌሎች ቅጂዎች ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያየው ያረጀ ወይም የተጎዳ ቅጂ ነው፤ ሁለቱን አስተያይቶ መፍረድ ደቂቃም አይወስድም።

ሦስተኛው፦ «ተዋንያኑ ሁሉ ፊታቸው ድቡልቡል ነው፤ ጥቁሩን ዳር ለማጥፋት ዙም ሳደርገው ደግሞ ጭንቅላት ይቆረጣል።»

ይህ በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ሁሉ በቀላሉ የሚታረም ነው፣ ያውም በሪሞት። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ፊልም በአብዛኛው ወደ ካሬ የቀረበ ነው፤ ወርዱ ከቁመቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይበልጣል። የዛሬው ቴሌቪዥን 16:9 ነው። ያንን ምስል ቴሌቪዥኑ እስኪሞላ ወደ ጎን ከሳቡት የሰው ፊት በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል፤ ድቡልቡሉ እሱ ነው። ዙም ካደረጉት ደግሞ ከላይና ከታች በድምሩ ሩቡ ምስል ይጠፋል። በግራና በቀኝ የሚቀረው ጥቁር ዳር ጉድለት አይደለም፤ ሙሉውን ምስል እያዩ ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

ማስተካከያው፦ በቴሌቪዥኑ ሪሞት «ፒክቸር ሳይዝ» የሚለው ውስጥ ገብተው ምስሉን የማይስበውንና የማይቆርጠውን ይምረጡ፤ በፍላሽ ሲያጫውቱ ብዙውን ጊዜ «ኦሪጂናል» ወይም «አውቶ» ይባላል። በኮምፒውተር ከሆነ ቪኤልሲ ላይ የኤ ቁልፍ የምስሉን ቅርጽ፣ የሲ ቁልፍ ደግሞ ቁርጡን ይቀያይራል፤ ሳያውቁ ነክተዋቸው ከሆነ «ዲፎልት» እስኪል ደጋግመው ይጫኑ። እግረ መንገድዎን «ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» የሚለውን አጥፍተው «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ያድርጉት፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም በቪቪድ ሲታይ ጥላው ሁሉ ከሰል ይሆናል፣ ጥላ ውስጥ የቆመው ሰውም አብሮ ይጠፋል። ጸሐፊው «ባለቀለሞቹ ደግሞ የቴሌቪዥን ድራማ ይመስላሉ» ያሉት ቴሌቪዥኑ በሁለት ምስሎች መካከል የራሱን ምስል ፈጥሮ ስለሚሰካ ነው። ሳምሰንግ ላይ «ሞሽን ፕላስ»፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን» የሚል ስም አለው። ለኳስ ይሆናል፤ ለፊልም ይጥፋ።

አራተኛው፦ «ቀርፋፋ ናቸው። በ1.25 ፍጥነት ባይ ኖሮ አልጨርሳቸውም ነበር፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።»

ከሁሉም የከፋው ምክር ይኼ ነው። የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኦዙን «ቶክዮ ስቶሪ» (1953) እንውሰድ። 136 ደቂቃ ነው፤ በ1.25 ሲያዩት 27 ደቂቃ ያተርፋሉ። ኦዙ ካሜራውን መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚያይበት ከፍታ ግድም አስቀምጦ፣ እምብዛም ሳያንቀሳቅስ፣ ሰዎቹ ከክፍሉ ከወጡ በኋላም ባዶውን ክፍል ጥቂት ያቆየዋል። ሽማግሌዎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከተማ መጥተው ሸክም እንደሆኑባቸው ማንም አፍ አውጥቶ አይነግራቸውም፤ እንደ እኛው ሰው ነገሩን በይሉኝታ ሸፋፍነው ነው የሚያልፉት። ያ የሚታወቀው በመልስና በጥያቄ መካከል ባለው ክፍተት ነው። የሚያፈጥነው ቁልፍ የሚበላው በትክክል ያንን ክፍተት ነው፤ ንግግሩ ይቀራል፣ ይሉኝታው ይጠፋል።

በዝርዝሩ አንደኛ የሆነው የሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» (1975) ደግሞ 201 ደቂቃ ነው። ጸሐፊው «ሴትዮ ድንች ስትልጥ ሦስት ሰዓት» ብለው ዘግተውታል። አዎ፣ ድንች ትልጣለች፤ አልጋ ታነጥፋለች፣ ዕቃ ታጥባለች። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ነገር በቦታው፣ በሰዓቱ ነው፤ መብራቱ ከክፍል ስትወጣ ይጠፋል፣ የሳህኑ ክዳን ይከደናል። ተመልካቹ ያንን ሥርዓት በደንብ መልመድ አለበት፤ በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከልክ በላይ ሲበስልባት፣ ክዳኑ ሳይከደን ሲቀር፣ መብራቱ ሳይጠፋ ሲረሳ የሚደነግጠው ያን ጊዜ ነው። ሌላ ፊልም በተኩስ የሚያመጣውን ፍርሃት እዚህ ያልተከደነ ክዳን ያመጣዋል። ስልኩን እየነካካ በ1.25 ያየ ሰው ግን ክዳኑን አላየውም፤ ስለዚህ መጨረሻው ዱብ ዕዳ ይሆንበታል፣ «ትርጉም የለሽ» ብሎም ይጽፋል። ጽፈዋልም።

አሰልቺ ፊልም የለም አላልንም። በዝርዝሩ ውስጥም አለ፤ እኛም የማንስማማባቸው አሉ። አሰልቺ ነው ለማለት ግን መጀመሪያ በሠሪው ፍጥነት ማየት ግድ ነው። ካልሆነ በደፈናው ይተውት፤ ግማሽ መንገድ አፍጥኖ ከማየት ሳያዩ መተው ለፊልሙም ለሰውም ይሻላል።

አምስተኛው «ሲቲዝን ኬን» (1941) ነው፦ «ምን አዲስ ነገር አለው? አሁን ሁሉም ፊልም እንዲህ ነው።»

አሁን ሁሉም እንዲህ መሆኑ ራሱ መልስ ነው። ግን በዝርዝር እንየው። ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ ሲሠራው 25 ዓመቱ ነበር፤ ካሜራውን የያዘው ግሬግ ቶላንድ ነው። እናትየው የልጇን ዕጣ የሚወስን ወረቀት ስትፈርም ልጁ በመስኮቱ ውስጥ ከሩቅ በረዶ ላይ ሲጫወት ይታያል፤ እናትም ልጅም እኩል ጥርት ብለው። ያንን ለማግኘት ሰፊ ሌንስ፣ በጣም የጠበበ ቀዳዳና ኃይለኛ መብራት ያስፈልጋል፤ ቀዳዳው ሲጠብ ብርሃኑ ስለሚቀንስ በመብራት መካስ አለበት። ካሜራው ከታች ወደ ላይ ስለሚያይ ጣሪያ መታየት ነበረበት፤ በስቱዲዮ ግን ጣሪያው የመብራትና የማይክሮፎን ቦታ ነው። ስለዚህ ጣሪያውን በስስ ጨርቅ ሠርተው ማይክሮፎኑን ከጨርቁ በላይ ደበቁት። የቁርስ ጠረጴዛው ትዕይንት ደግሞ የአንድ ትዳርን ዓመታት በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል፦ በየቅንጭቡ ባልና ሚስቱ ይራራቃሉ፣ መጨረሻ ላይ ሚስት ዝም ብላ የባሏን ተፎካካሪ ጋዜጣ ታነባለች። ማንም «ተጣላን» አላለም።

«ምርጥ ፊልም» የሚለው ማዕረግ የሰለቻቸው ከሆነ ግን እንረዳቸዋለን። መጽሔቱ ድምፅ የሚሰበስበው በየአሥር ዓመቱ ነው፤ በ1952 አንደኛው «የብስክሌት ሌቦች» ነበር፣ ከ1962 እስከ 2002 አምስት ጊዜ «ሲቲዝን ኬን»፣ በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ»፣ በ2022 «ዣን ዲልማን»። አንደኛው የሚለዋወጥ ከሆነ ዝርዝሩ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይደለም፤ በ2022 ድምፅ የሰጡት ከ1,600 በላይ ሰዎች ናቸውና የብዙ ሰው ጥቆማ ነው። እንደ ጥቆማ ይያዝ።

ስድስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ዘዴ ነው፦ በዓመት ቅደም ተከተል፣ በቀን አንድ። አይሆንም። በዓመት ቅደም ተከተል የሄደ ሰው የመጀመሪያ ሳምንቱ በሙሉ ድምፅ አልባ ነው፤ ሳይለማመድ ከባዱን ዳገት በመጀመሪያ ይወጣል። በቀን አንድ የሚለው ደግሞ ዝርዝሩን በደንብ ያላየ ሰው ዕቅድ ነው፦ «ሾአ» (1985) ብቻውን ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ነው፣ «ሳታንታንጎ» (1994) ሰባት ሰዓት ያልፋል።

እኛ የምንመክረው በሳምንት ሁለት ነው፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። መጀመሪያ «የብስክሌት ሌቦች» (1948፣ 89 ደቂቃ)፤ ሥራ ለማግኘት ብስክሌት የግድ ነው፣ ብስክሌቱን ከመያዣ ለማስወጣት አንሶላቸውን ያስይዛሉ፣ ብስክሌቱ ይሰረቃል። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። ቀጥሎ «ሪር ዊንዶው» (1954)፣ በመስኮት ጎረቤት ስለሚሰልል ሰው፤ ቀለምም ውጥረትም አለው። ከዚያ የኪተን «ሸርሎክ ጁኒየር» (1924)፣ 45 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ድምፅ አልባን ለመልመድ ይመቻል። ኦዙና አከርማን ከአሥረኛው በኋላ ይምጡ።

አስተያየት አጻጻፍ ላይም አንድ ነገር። ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ፊልም ከአሥር ነጥብ ሰጥተዋል፤ ነጥቡ ግን ለሌላ ሰው ምንም አይነግርም። ፊልሙ እንዳለቀ፣ ሌላ ሰው የጻፈውን ሳያነቡ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ በዓይንዎ ያዩትን አንድ ነገር (የተሰማዎትን አይደለም)፣ ሐሳብዎ የሸሸበትን ደቂቃ፣ ያልገባዎትን አንድ ጥያቄ። የሸሹበትን ደቂቃ በማግሥቱ ተመልሰው ይዩት። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ወይ የሰብታይትል ስሕተት ነው፣ ወይ ፊልሙ በእርግጥ የደከመበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ከሆነ እሱን ይጻፉ፤ እንዲህ ያለ ትችት ይነበባል።

ሰባተኛውና ሰፊው፦ «ጅማ ላይ አይቻልም። መብራት ይሄዳል፣ ዝናብ ድምፁን ይውጠዋል፣ አማርኛ ሰብታይትል የለም።»

ሦስቱም እውነት ናቸው። «አይቻልም» የሚለው ግን ሒሳቡ ሳይሠራ የተባለ ነው።

መብራት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። የተለመደው የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 600ውን ብቻ እንቁጠር፤ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ) የሚበላውን 15 በመቶ ያህል ስንቀንስ 510 ይቀራል። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር 250፣ ላፕቶፕ 50፣ ስፒከር 50 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 350 ነው፤ ባትሪው 87 ደቂቃ ይይዛል። «የብስክሌት ሌቦች» 89 ደቂቃ ነው። ልብ የሚሰብረው ቦታ ላይ ይጠፋል ማለት ነው። 50 ዋት በሚወስድ ባለ 32 ኢንች ኤልኢዲ ቴሌቪዥን ግን፣ ላፕቶፑና አነስ ያለ ስፒከር በድምሩ 60 ዋት ቢጨምሩበት፣ ያው ባትሪ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል፤ 207 ደቂቃ የሚፈጀውን የጃፓኑን የኩሮሳዋ ፊልም «ሰባቱ ሳሙራይ»ን ጨርሶ ይተርፋል። ለአሥር ሰው ቴሌቪዥኑ ይበቃል። ባለ አምፖሉን ፕሮጀክተር የምትጠቀሙ ደግሞ መብራት ድንገት ሲሄድ ማራገቢያው ስለሚቆም አምፖሉ በራሱ ሙቀት ይጎዳል፤ ሲመለስ ቶሎ አታብሩት፣ አሥር ደቂቃ ይቀዝቅዝ። ርካሽ ኢንቨርተር ስፒከሩ ላይ እምምም የሚል ድምፅ ያመጣል፤ ንጹሕ ሞገድ የሚሰጠውን ዓይነት ይግዙ፣ ወይም ስፒከሩን በራሱ ባትሪ የሚሠራ ያድርጉት።

ስለ ፕሮጀክተር ካነሣን፦ ካርቶኑ ላይ «1080 ይቀበላል» የሚለው የራሱ ጥራት 1080 ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ርካሾች 800 በ480 ናቸው፤ ሰብታይትል ይነበባል፣ የፊት ጥላ ግን ይጠፋል። ሲገዙ «ኔቲቭ» የሚለውን ቁጥር ይጠይቁ። የርቀት ምጥጥኑ (የፕሮጀክተሩ ርቀት ለምስሉ ወርድ ሲካፈል) 1.5 ከሆነ ሁለት ሜትር ወርድ ላለው ምስል ሦስት ሜትር ርቀት ይፈልጋል፤ ቤቱን ለክተው ይግዙ።

ዝናብ። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ንግግር አይሰማም። ድምፅ መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ የድሮ ፊልም ድምፅ ሞኖና ጠባብ ስለሆነ ሲጨምሩት ይንጫረራል። ቤዙን ይቀንሱ፣ አንድ ትልቅ ስፒከር ከፊት ከማስጮህ ሁለት ትንንሽ ከተመልካቹ አጠገብ ግራና ቀኝ ያስቀምጡ። ከዚያም ሲያልፍ የክረምቱን ወራት ለድምፅ አልባዎቹ ይተዉ፤ የአዌቱ ወንዝ በሚሞላበት ሰሞን የኪተንን የባቡር ፊልም «ዘ ጄኔራል»ን ማየት ማንንም አይጎዳም።

ቡና ይፈላልን ለሚሉ፦ ይፈላ፣ ግን ፊልሙ እየሄደ አይደለም። ከሰልና ዕጣን ዝግ ክፍል ውስጥ የፕሮጀክተሩን ብርሃን ያጨልማል፣ ማጣሪያውንም ይደፍናል። «ሰባቱ ሳሙራይ» በመሐሉ የራሱ ዕረፍት አለው፤ አቦልና ቶና እዚያ ላይ ይጠጣሉ። በረካው መጨረሻ ላይ ይድረስ።

ሰብታይትል። ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሰው አያገኝም፤ የሚሠራ ግን ያገኛል። «ሰብታይትል ኤዲት» የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። የእንግሊዝኛውን ፋይል ከፍተው ከሥሩ አማርኛውን ይተኩ። የግዕዝ ፊደል ሰፊ ስለሆነ አንድ መስመር ከ30 ፊደል ባይበልጥ፣ ከሁለት መስመርም ባያልፍ ጥሩ ነው፤ ሁለት መስመር ከአራት ሰከንድ በታች ከቆየ ሰው አያደርሰውም። ሲያስቀምጡ የፊደል ኮዱን (ኢንኮዲንግ) ዩቲኤፍ-8 ያድርጉት። የግዕዝ ፊደል በማያውቅ ኮድ ካስቀመጡት ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፣ ያ ደግሞ አይመለስም፤ ሥራው እንደ አዲስ ነው። ባዶ ሳጥን ከታየ ግን አይደንግጡ፣ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። ቪኤልሲ የሰብታይትል ሴቲንግ ውስጥ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ይምረጡ። ፋይሉን ከፊልሙ ጋር በአንድ ስም፣ በአንድ ፎልደር ያስቀምጡ።

ጽሑፉ ከንግግሩ ከቀደመ ወይም ከዘገየ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልዩነቱ እኩል ከሆነ፣ የኤች ቁልፍ ያዘገየዋል፣ የጂ ቁልፍ ያስቀድመዋል። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ የሚራራቅ ከሆነ ግን በቁልፍ አይድንም፤ ሰብታይትሉ የተሠራው በሰከንድ 25 ምስል ለሚሄድ ቅጂ ነው፣ የእርስዎ ፊልም ግን 24 (በትክክል 23.976) ነው። አንድ ሰዓት ላይ ሲደርሱ ጽሑፉ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ቀድሞ ይሄዳል። በ«ሰብታይትል ኤዲት» የፍሬም መጠኑን ከ25 ወደ 23.976 መቀየር ነው መፍትሔው። ጸሐፊው «ሰዎቹ የሚናገሩትና የሚጻፈው አይገናኝም፣ ተርጓሚው ሰክሯል» ያሉበት ፊልም በዚህ ተጠርጥሯል።

ለጀማሪ ተርጓሚ ድምፅ አልባ ፊልም ተመራጭ ነው፤ የጽሑፍ ካርዱ ጥቂት ነው፣ የአፍ እንቅስቃሴ መከተል የለም። ጅማ ውስጥ ደግሞ የአፋን ኦሮሞውን አብሮ መሥራት ይገባል፤ ኤምፒቪ የተባለው ማጫወቻ አንዱን ሰብታይትል ከላይ፣ ሌላውን ከታች በአንድ ጊዜ ያሳያል። ከከተማችን መርካቶም ከጅረንም የመጣ ሰው አብሮ ይስቃል።

የመጨረሻው፦ «ዝርዝሩ ውስጥ አፍሪካ የለችም፤ እኛን ስለማይመለከት ይጣል።»

ቅሬታው ግማሽ እውነት አለው፣ እኛም እንጋራዋለን፦ ከመቶው አፍሪካውያን ዳይሬክተሮች የሠሯቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ሴኔጋላውያን። የኡስማን ሴምቤን «ላ ኑዋር ደ» (1966) እና የጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ» (1973)። ሁለት ከመቶ ያሳፍራል። ያ ግን ዝርዝሩን የሚያስጥል ሳይሆን የሚያስጨምር ነው። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ከ«የብስክሌት ሌቦች» ቀጥሎ ያስገቡት፤ 150 ደቂቃ፣ ጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር የተቀረጸ፣ ስለ ጭሰኛና ባላባት። የ«የብስክሌት ሌቦች» ዳይሬክተር ጣልያኑ ዴ ሲካ የፋብሪካ ሠራተኛን ዋና ተዋናይ እንዳደረገ፣ እዚህም ገበሬው ራሱ ይታያል፤ ሁለቱን ተከታትሎ ያየ ሰው ሙያተኛ ያልሆነ ሰው ትወና ምን እንደሚያተርፍና የት ላይ እንደሚንገዳገድ ይለያል። «ሰባቱ ሳሙራይ» ውስጥ ገበሬዎቹ ሩዙን ለተዋጊዎቹ ሰጥተው ራሳቸው ማሽላ መሰል እህል ሲበሉ ካዩ በኋላ ደግሞ የባላባቱን ግቢ ይመልከቱ። ከዚያ በ2009 ፌስፓኮ በተባለው የአፍሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት የወሰደውን የዚያኑ ዳይሬክተር «ጤዛ»ን (2008) ይጨምሩ። ሁለቱም በአብዛኛው በአማርኛ ናቸውና የሰብታይትል ክርክሩ እዚህ እምብዛም አይነሣም።

አንድ ነገር ግን አልገባንም። ጸሐፊው መቶውን በሙሉ ጨርሻለሁ ብለዋል፤ ሁለቱ የሴኔጋል ፊልሞች በመቶው ውስጥ ናቸው፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን ስለ ሁለቱም አንድ መስመር የለም። በትክክለኛው ፍጥነት፣ ሳይዘረጉና ሳይቆረጡ አይተዋቸው ስለ እነሱ ብቻ ቢጽፉ እናነበዋለን፣ እንመልስላቸዋለንም።